መስኩን የሚከልለው ገበሬና መሬት ላይ የምትፈለፍለው ወፍ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ አማኑኤልን የሚያልፍ ሰው በስተቀኙ የጮቄን ሰንሰለት ያያል። ከዚያ የሚወርደው ውሃ በየረባዳው ተኝቶ ጨፌ ይሆናል። ጨፌው ለማቻከል ወረዳና ለአካባቢው ገበሬ የበሬ ቀለብ፣ የድርቆሽ ማጨጃና የቤት ክዳን ሣር መገኛ ነው። በዚሁ ሣር ውስጥ፣ በክረምት፣ ዛፍ ላይ ጎጆ የማይሠሩ ወፎች እንቁላላቸውን መሬት ላይ ይጥላሉ። ገበሬዎችና በጎ ፈቃደኞች እነዚህን ወፎች ለመጠበቅ በአገራችንም በውጭም ምን ሞከሩ? የቱ ተሳካ? የቱስ ጎደለ? አቋሜን ከወዲሁ ልናገር፤ የወፏን ነገር የሚወስነው መስኩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ቀን ነው፤ ያንን ቀን የሚቆርጠው ደግሞ ገበሬው ነው።

በመጀመሪያ የትኞቹን ወፎች እንደምንል እንለይ። ጨፌ ላይ የሚታየው ወፍ ሁሉ ጨፌ ላይ አይፈለፍልም። ጋጋኖ ቀኑን ሙሉ በረዥም መንቁሩ መስኩን ሲቆፍር ይውላል፤ ማደሪያውና ጎጆው ግን ገደልና ዛፍ ላይ ነው። ስለዚህ ከብት ቢበዛበት ወደ ሌላ መስክ ይሄዳል እንጂ እንቁላሉ አይረገጥም። ደረቷ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለባት ረዣዥም እግር ወፍ፣ የወፍ አጥኚዎች ደረተ ነጠብጣብ ላፕዊንግ የሚሏት፣ ከዚህ የተለየች ናት። በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም አትገኝም። የምትኖረው በደጋና በውርጭ፣ በእርጥብ ሣርና በጨፌ ነው፤ ጎጆዋም መሬት ላይ ነው። ሁለተኛዋ ከቄጠማው ሥር ብቅ እያለች ጅራቷን የምትሰብቅ፣ ቀላ ያለች፣ ሰው ብዙም የማትፈራ ወፍ ናት፤ ሩዤ ሬል ይሏታል። እሷም ከኢትዮጵያና ከኤርትራ ደጋ ውጭ የለችም። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በረጠበ ቄጠማ ላይ ትፈለፍላለች። ሰማያዊ ክንፍ ያላት የደጋ ዝይም የአገራችን ብቻ ናት፤ የምትፈለፍለውም መሬት ላይ፣ ሣር ውስጥ ነው። ጣና ዙሪያ ባሉ ረግረጎች ደግሞ ጥቁር ባለዘውድ ክሬን አለች፤ ጎጆዋን ውሃ በከበበው ሣር መካከል ትሠራለች።

የእነዚህ ወፎች ጎጆ ምን እንደሚመስል በቅርብ ያላየ ሰው የጉዳዩን ክብደት ያስተውላል ብዬ አላስብም። ላፕዊንግ ከምትባለው ወገን አንዷን እንውሰድ። በደረቷ መሬቱን ጫር ጫር አድርጋ ከቡና ስኒ ማስቀመጫ የማይበልጥ ጎድጓዳ ታበጃለች፤ ጥቂት ደረቅ ሣር ታለብሰዋለች፤ በዚያ ላይ አፈር የመሰለ መልክና ጥቋቁር ጠብታ ያለባቸውን እንቁላሎች፣ ሹል ጫፋቸውን ወደ መካከል አድርጋ ትደረድራለች። ሁለት እርምጃ ላይ የቆመ ሰው ላያየው ይችላል። መደበቂያዋ ይኸው መልክ ነው። ከቀበሮ ዓይን ያድናታል፤ ለበሬ ኮቴ ግን ምንም አይፈይድም። አራት ሳምንት ገደማ ታቅፋለች። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ከሰዓታት በኋላ ተነስተው ይሄዳሉ፤ እናት አታጎርሳቸውም፤ ትሉንና ነፍሳቱን ራሳቸው እየለቀሙ ይበላሉ። እስኪበሩ ደግሞ ሌላ አምስት ስድስት ሳምንት ያስፈልጋቸዋል። ከእንቁላል እስከ ክንፍ ሁለት ወር ከምናምን ማለት ነው። በዚህ ጊዜ መስኩ እርጥብ፣ ሣሩም ያልታጨደ ሆኖ መቆየት አለበት።

አደጋው ከብዙ አቅጣጫ ይመጣል። አንዱ ኮቴ ነው። በኔዘርላንድ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የሚረገጠው ጎጆ በከብቱ ብዛት ልክ ይጨምራል፤ ረጋ ብላ ከምትግጥ የወተት ላም ይልቅ የሚቦርቀው ጥጃና ጊደር ብዙ እንቁላል ይሰብራል። ሁለተኛው ውሃውን ማንጣፈፍ ነው። ጨፌው ቦይ ተቀዶለት ሲደርቅ ድንች ወይም ሽንኩርት ያበቅላል፤ መሬት ለጠበበበት ወጣት ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ነው። ወልደአምላክ በውቀትና ገርት ስተርክ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጥናት በደብረ ማርቆስ አጠገብ የሚወርደው የጨሞጋ ወንዝ የበጋ ውሃ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1999 ባሉት ዓመታት እየቀነሰ መምጣቱን አሳይተዋል። ከምክንያቶቹ መካከል የተፈጥሮ ሽፋን መራቆትን፣ የእርሻ መስፋፋትን፣ ከልክ ያለፈ ግጦሽንና የባሕር ዛፍ መብዛትን ጠቅሰዋል። ጥናቱ ስለ ወፍ አይደለም። ነገር ግን ወንዙ በበጋ ከሳሳ ጨፌውም ይሳሳል፤ ጨፌው ከሳሳ ሩዤ ሬል የምትፈለፍልበት ቄጠማ የለም። ለዚህች ወፍ አጥኚዎች የሚጠቅሷቸው ዋና ሥጋቶች የግጦሽ መብዛትና የሣርና የቄጠማ መታጨድ ናቸው።

ጮቄ አንድ እንስሳ እስከነአካቴው አጥቷል። ቀይ ቀበሮ በዚህ ተራራ ላይ ይኖር ነበር፤ ዛሬ የለም። የጠፋበትን ዓመት የጻፈ፣ የመጨረሻውን የቆጠረ ሰው መኖሩን አላውቅም። ለጨፌ ወፎች የምፈራው ይህንኑ ነው።

እንግዲህ ስለ ጥበቃው። በአገራችን በዚህ ረገድ ስሙ ቀድሞ የሚነሳው ጎጃም ውስጥ ሳይሆን ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ፣ አዲስ ዓለም አካባቢ ያለው የበርጋ ጨፌ ነው። እዚያ በየክረምቱ አንዲት እፍኝ የማትሞላ ወፍ ትመጣለች፤ ነጭ ክንፍ ፍላፍቴይል ትባላለች። ወፏ በሳይንስ ስም የወጣላት እ.ኤ.አ. በ1877 ከደቡብ አፍሪካ በተገኘ ናሙና ነው። ለረዥም ጊዜ የት እንደምትፈለፍል አይታወቅም ነበር። በርጋ ላይ መፈልፈሏ የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ማብቂያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 በዓለም አቀፉ የዝርያዎች መዝገብ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ተርታ ገባች፤ በመላው ዓለም ለመራባት የደረሱት ከ250 እንደማይበልጡ ይገመታል። ከሐምሌ እስከ መስከረም፣ ገበሬው ጤፉን በሚያርምበት ሰሞን፣ ሣሩ ቁመት ሲያወጣና ውሃው ከሥሩ ሲተኛ፣ እሷ ከውሃው ጥቂት ከፍ አድርጋ በሣሩ መካከል ጎጆ ትጎነጉናለች።

የበርጋ ሥራ የተጀመረው በኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር አማካይነት ነው። ይህ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1996 ለወፎች ወሳኝ የሆኑ 69 የአገራችን ሥፍራዎችን መዝግቦ በመጽሐፍ አውጥቷል። በርጋ ላይ ግን ባለሙያው ተቀምጦ ሊጠብቅ አይችልም። ስለዚህ ከጨፌው ዳር የሚኖሩ ገበሬዎች የወፍ ወዳጆች ቡድን መሠረቱ፤ በመፈልፈያው ወራት ወፏ የምትገኝበትን ሥፍራ መከታተልና ጎረቤቶቻቸውን ማስተማር የእነሱ ድርሻ ሆነ። ከደቡብ አፍሪካ ሚድልፑንት ዌትላንድ ትረስት የተባለ ድርጅት በአካባቢው ትምህርት ቤት እንዲሠራ ገንዘብ ሰጠ። ወፏ እዚያም በሚድልፑንት ረግረግ ትታያለችና ጉዳዩ የሁለቱም አገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 ደግሞ በሚድልፑንት በተተከለ ካሜራ ጫጩት ይዛ ታየች፤ ከኢትዮጵያ ውጭ መፈልፈሏ ሲረጋገጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

ከበርጋ የምወስደው ትልቁ ነገር ትምህርት ቤቱ ነው። ወፏን ጠብቁ የተባለ ገበሬ «ለእኔስ ምን አለኝ?» ብሎ ቢጠይቅ ነውር የለበትም፤ ጨፌው የከብቱ ሕይወት ነው። ልጁ ሩቅ ሳይሄድ የሚማርበት ክፍል ሲሠራ ግን መልሱ ዓይኑ ፊት ቆመ። ጎዶሎውም መነገር አለበት። ትምህርት ቤት አንድ ጊዜ ተሠርቶ ያልቃል፤ የከብቱ ረሃብ ግን በየዓመቱ ይመለሳል። ሣሩን ያቆየ ገበሬ በዚያው ዓመት፣ በዚያው ወቅት የሚያገኘው ማካካሻ ካልተበጀ የቡድኑ ጉልበት በበጎ ፈቃድ ላይ ብቻ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በጎ ፈቃድ ደግሞ ዝናብ በከዳበት ዓመት ይላላል፤ ጥፋተኛው ገበሬው አይደለም።

ሁለተኛው አብነት የራሳችን ክልል የመንዝ ጓሳ ነው፤ እኔ ከበርጋ ይልቅ ለጎጃም የሚቀርበው ይህ ይመስለኛል። ጓሳ ላይ የተጀመረው ጥበቃ ለወፍ ተብሎ አይደለም። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ የአካባቢው ሰው ቄሮ በሚባል ሥርዓት የጓሳውን ሣር ሲጠብቅ ኖሯል። አስቦና ጌራ ከተባሉ ሁለት አባቶች የሚወለዱ ባለ ርስቶች የየራሳቸውን አለቃ መርጠው፣ ሣሩ እንዲያገግም ሥፍራውን ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጉት ነበር። ሲከፈት ለቤት ክዳኑ፣ ለገመዱ፣ ለከብቱ የሚሆነው በደንብ ይታጨዳል። ዘለዓለም ተፈራ ይህን ሥርዓት በሰፊው አጥንተው ለዓለም አስተዋውቀዋል። በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ርስቱ ሲቀር የቄሮም መሠረት አብሮ ተናደ፤ ጓሳም ተጎዳ። ሰዉ ግን ዝም ብሎ አልተወውም። ዘር ሳይቆጥር ሁሉንም ነዋሪ በሚያሳትፍ ኮሚቴ ሥርዓቱን መልሶ አቆመው፤ በኋላም የአማራ ክልል በሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ አድርጎ አጸደቀው። ዛሬ ጓሳ ላይ ቀይ ቀበሮው አለ፤ ጭላዳው አለ፤ ደረተ ነጠብጣብ ላፕዊንግም አለች። ጮቄ ያጣውን ጓሳ ያቆየው መዝጊያና መክፈቻ ቀን ስለነበረው ነው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም።

ወደ ውጭ እንሻገር። በዚህ ጉዳይ ብዙ ሰው ያሰለፈችው ኔዘርላንድ ናት። በሰሜኗ፣ ፍሪስላንድ በሚባለው ክፍለ ሀገር፣ ሰዉ በጸደይ ወራት የላፕዊንግ እንቁላል ፈልጎ መብላት የኖረ ልማዱ ነበር። የመጀመሪያውን እንቁላል ያገኘ ሰው ለክፍለ ሀገሩ ሹም ያቀርበው ነበር፤ ስሙም በጋዜጣ ይወጣ ነበር። ከጊዜ በኋላ እነዚሁ እንቁላል ፈላጊዎች የወቅቱ ለቀማ ሲያበቃ ጎጆ መጠበቅ ጀመሩ። ማንም ያላየውን ጎጆ እነሱ ያያሉና ከአጠገቡ ሁለት እንጨት ይተክላሉ፤ ባለትራክተሩ እንጨቱን ሲያይ ማጨጃውን ያዞራል፤ ከብት በሚሰማራበት ሜዳ ደግሞ ጎጆው ላይ የብረት መከለያ ያኖራሉ። እ.ኤ.አ. ከ2010ዎቹ አጋማሽ ወዲህ እንቁላሉን መውሰዱ ቀርቶ የቀጠለው ፈልጎ ማግኘቱና መጠበቁ ብቻ ነው።

ይህ ሁሉ ሰው ተሰልፎ ወፎቹ ድነዋል? አልዳኑም። ጎድዊት የተባለችው ባለ ረዥም መንቁር የጨፌ ወፍ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በዚያች አገር ከ100 ሺህ ጥንድ በላይ ነበረች፤ ዛሬ ወደ 30 ሺህ ገደማ ወርዳለች። ምክንያቱ ለእኛም ትምህርት ነው። እንጨት የተተከለለት ጎጆ ከማጨጃው ይተርፋል፤ እንቁላሉም ይፈለፈላል። ከዚያ ግን ጫጩቶቹ የሚወጡት ውሃው ተንጣፎ፣ በማዳበሪያ ብዛት አንድ ዓይነት ሣር ብቻ የበቀለበት፣ ነፍሳት የሌለበት፣ ከቀናት በኋላ የሚታጨድ ሜዳ ላይ ነው። ይራባሉ፤ ወይም ማጨጃው ያገኛቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2001 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ለገበሬዎች ገንዘብ እየተከፈለ የተካሄደው ጥበቃ ለወፎቹ የታሰበውን ያህል እንዳልፈየደ ሲያሳይ ብዙ ክርክር አስነሳ። ከዚያ በኋላ እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ክፍያው ለየግለሰቡ መሆኑ ቀርቶ ለገበሬዎች ማኅበር ሆነ፤ አጎራባች ማሳዎች በአንድነት ውሃ እንዲይዙና ሣሩን አዘግይተው እንዲያጭዱ ለማድረግ ነው። አንድ ገበሬ ብቻውን ጨፌ ማርጠብ አይችልም፤ ውሃው የጎረቤቱም ነው።

ይህን ይዘን ወደ አማኑኤል ስንመለስ ጎጃም ባዶ እጁን አይደለም። መስክ መከለል እዚህ የቆየ ልማድ ነው። የመንደሩ ሽማግሌዎች ተነጋግረው መስኩን ይዘጋሉ፤ ያስደፈረ ይቀጣል፤ ሣሩ ሲደርስ ለበሬ ይከፈታል ወይም ለድርቆሽ ይታጨዳል። በማጭድ የሚያጭድ ሰው ደግሞ እንደ ትራክተር አይቸኩልም፤ ወፏ ከፊቱ ስትነሳ ቆም ብሎ ማየት፣ ጎጆዋ ያለበትን አንድ እቅፍ ሣር ሳይነካ ማለፍ ይችላል። የኔዘርላንድ በጎ ፈቃደኛ በእንጨት ያመጣውን ነገር የእኛ አጫጅ በእጁ ይዞታል። ማዳበሪያም ቢሆን ለማሳው እንጂ ለጨፌው አይበተንም፤ ስለዚህ ጫጩቷ የምትለቅመው ነፍሳት ገና አለ።

ችግሩ የቀኑ ግጥሚያ ላይ ነው። በሬ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ቀንበር ላይ ነው፤ በዚያ ወቅት ጠግቦ ካልበላ እርሻው ይቆማል። ማሳው ሁሉ በሰብል ስለሚያዝ ያለው ግጦሽ መስኩ ብቻ ይሆናል። ወፎቹም የሚፈለፍሉት ያኔ ነው። «ለወፍ ሲባል በሬ ጦሙን ይዋል» የሚል ሰው ጎጃምን አያውቅም። መሃል መንገድ ግን አለ። መስኩ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ዳር ዳሩ ቶሎ የሚጠነክር፣ በሬ ቢገባበት የማይሰጥም ነው፤ መካከሉ ግን ከብትም የሚሰምጥበት፣ ሣሩም የሚጎመዝዝበት ቄጠማማ ረግረግ ነው። ሩዤ ሬል የምትፈልገው ይህንን መካከሉን ነው። ዳሩን ለበሬ ከፍቶ መካከሉን እስከ ጥቅምት መጨረሻ መዝጋት ለገበሬው ብዙ የሚያስቀርበት ነገር የለም፤ ለወፏ ግን ሁሉ ነገር ነው። ሣሩን ዘግይቶ ማጨድ የድርቆሹን ጥራት ትንሽ ይቀንሳል፤ ማካካሻ መጠየቅ ያለበት እዚህ ላይ ነው። የመኖ ዘር፣ የተሻለ የድርቆሽ አከመር፣ ላሟን ቤት አስሮ መቀለብ፤ የግብርና ባለሙያው እነዚህን ዛሬም ያስተምራል። ቅድሚያውን መካከሉን ለዘጋ ቀበሌ መስጠት ግን የአስተዳደር ውሳኔ ብቻ ነው የሚፈልገው።

በጎ ፈቃደኛውስ ማን ነው? ከአዲስ አበባ መነጽር አንጠልጥሎ የሚመጣውን አላቃልልም፤ ዓመቱን ሙሉ መስኩ ላይ የሚውለው ግን እረኛው ነው። የትኛዋ ወፍ ከየት እንደተነሳች፣ እንቁላሏን የት እንዳኖረች ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ዛሬ እንቁላሉን አንስቶ ይጫወትበት ይሆናል፤ ውሻውም ይበላው ይሆናል። የፍሪስላንድ እንቁላል ፈላጊዎች ግን የዛሬው ለቃሚ የነገ ጠባቂ ሊሆን እንደሚችል አሳይተዋል። በየትምህርት ቤቱ የተፈጥሮ ክበብ አለ፤ አብዛኛው ችግኝ ተክሎ ዓመቱን ይጨርሳል። ክበቡ እረኛ ልጆች ያዩትን ጎጆ፣ ያዩበትን ቀንና የሆነውን የሚጽፉበት አንድ ደብተር ቢኖረው በሦስት ዓመት ውስጥ በአካባቢው ማንም የሌለው መዝገብ ይኖራል። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ መምህራን ያንን ደብተር አንብበው ለመስኩ መክፈቻ የሚሆን ቀን ለሽማግሌዎች ማቅረብ ይችላሉ።

ገንዘብም ከወዴት እንደሚመጣ መነጋገር ይገባል። የጮቄ ተራሮች የተፈጥሮ መንደር እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ቱሪዝም ድርጅት ከምርጥ የቱሪዝም መንደሮች አንዱ ተብሎ ተመርጧል። በዓለም ላይ እዚህ አገር ብቻ የምትገኝን ወፍ ለማየት ሩቅ የሚጓዝ እንግዳ አለ። ይሁንና ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ በክልሉ ያለው ግጭት እንግዳውንም አጥኚውንም አርቋል፤ ገበሬውን ደግሞ ከወፍ የሚብስ ጭንቀት ላይ ጥሎታል። በእንግዳ ገቢ ላይ ብቻ የቆመ ጥበቃ በእንዲህ ያለ ጊዜ ይወድቃል። በመስክ ክለላ ላይ የቆመው ግን ሽማግሌዎቹና መስኩ እስካሉ ድረስ መቀጠል ይችላል። እንግዳው በሰላም ሲመለስ ይጨምርበታል እንጂ መሠረቱ ሊሆን አይገባም።

በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ መሥሪያ ቤቶች ሪፖርት ሲጽፉ የሚቆጥሩት ብዙውን ጊዜ የሠለጠነውን ሰው ብዛት ነው። እኔ የምጠይቀው ሌላ ቁጥር ነው፤ ስንት ጎጆ ተገኘ፣ ከስንቱ ጫጩት ወጣ፣ ስንቱ ጫጩት በረረ? ኔዘርላንድ የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን እየቆጠረች ሦስተኛውን ዘግይታ ነው ያየችው፤ በዚያ መካከል ወፎቿ ተመናመኑባት። ያንን ስህተት መድገም አይኖርብንም።

ስለዚህ በማቻከልና በጮቄ ዙሪያ መስክ የምትከልሉ አባቶችን እለምናለሁ፤ በመጪው ሰኔ ስትሰበሰቡ የመስኩን መካከል ለይታችሁ እስከ ጥቅምት መጨረሻ ዝጉት። መምህራንም እረኞቹን ልጆች ያዩትን ጠይቃችሁ ጻፉ። የወረዳ ግብርና ባለሙያዎች ደግሞ የመኖ ዘሩን ስታከፋፍሉ መካከሉን የዘጉትን ቀበሌዎች አስቀድሙ።